የዶሮ ሰላጣ ለመንገድ ስንቅ፤ አሠራሩና አያያዙ

በዚህ መጽሔት ስለ ታሪክ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ኤኮኖሚ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። ስለ ዶሮ ሰላጣ መጻፍ ግን ለአንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ የማይገባ ሥራ የሚመስለው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ይሁን እንጂ በመካከላችን ለጥናትም ሆነ ለሽርሽር ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ እጅግ ጥቂት ነው። በየጉዞውም «ምሳውን ማን ይሥራ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ባለፈው ዓመት «እኔ» ብዬ እጄን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ሳላካፍል ብቀር ንፉግ ያሰኘኛል። ስለዚህ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ ከመነሻው እጀምራለሁ።

ሀ. የተበላሸው ምሳ

ጉዞአችን ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነበር፤ ተጓዦቹም 18 ነበርን። ፏፏቴውንና ሳላዎቹን አይተን በዚያው ቀን ለመመለስ ስላሰብን፣ በመንገድ ላይ ምግብ ቤት ገብቶ ምሳ መጠበቅ ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል ተባለ። እኔም በአንድ ግብዣ ላይ የቀመስሁት የዶሮ ሰላጣ ትዝ ብሎኝ፣ «ዶሮውን ቀቅሎ፣ ከትፎ፣ በማዮኔዝ ለውሶ በዳቦ መሐል ማግባት ነው፤ ይህ ምን ይከብዳል!» ብዬ ተነሣሁ። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጓደኛችንም ወጥ ቤቱን ለቀቀልኝ።

በዋዜማው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ 3 ዶሮዎች በአንድ ትልቅ ድስት ጣድሁ። 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን እሳቱን አጠፋሁና፣ ዶሮዎቹን ከነመረቃቸው በድስቱ ውስጥ ከድኜ ተኛሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ሥጋውን ከዐጥንቱ ስለይ ጣቴን በቢላዋ ቆረጥሁት፤ በጨርቅ ጠምጥሜ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሁሉንም ለውሼ በሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ ዕቃዎች ሞላሁና፣ ጧት 12 ሰዓት ሲሆን ከሻንጣዎቹ ጋር በአውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጫንሁት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

ምሳ የበላነው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በግራር ጥላ ሥር ነው። እውነቱን ለመናገር ምግቡ ጣፋጭ ነበር። አልሸተተም፤ አልኮመጠጠም፤ የምስጋናውም ብዛት ልክ አልነበረውም። 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን፣ ገና አዳማ ሳንደርስ፣ አንዱ «መኪናውን አቁሙልኝ» አለ። ሌላው ተከተለው። አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ 7 ሰዎች አስመለሳቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስደው ግሉኮስ ተደረገላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በማግሥቱ ሁሉም ተሻላቸው።

ከታመሙት አንዷን እኅታችንን ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ የነገረችኝ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ አልበላም ነበር፤ የበላሁት አንተ ስለ ሠራኸው ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጽል ስሜ «አቶ ሰላጣ» ሆኖ ቀርቷል። ስሙስ ግድ የለም፤ የእርሷ ቃል ግን የጥፋቴን ምክንያት እንድፈልግ አስገደደኝ።

ለ. የቀድሞው ስንቅ ምን ያስተምረናል?

መጀመሪያ ነገሩን ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ እርጥብ ነገር ስንቅ ይሆናል ወይ?» አለችኝ።

ይህን ቃል ባሰላሰልሁት መጠን እውነቱ እየታየኝ ሄደ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለመንገድ ያዘጋጁትን ምግብ አንድ በአንድ እንቍጠር። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ቆሎ የተቆላ እህል ነው። ዳቦ ቆሎ ውኃው በእሳት የወጣለት ሊጥ ነው። ድርቆሽ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ ነው። ቋንጣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ነፋስ ባለበት ተሰቅሎ የደረቀ ሥጋ ነው። መልካቸውና ጣዕማቸው ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ ምስጢራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ውኃን ከምግቡ ማስወጣት ነው። ምግብን የሚያበላሹት ደቂቅ ተሐዋስያን ያለ ውኃ ሊራቡ አይችሉም።

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ከመሐል አገር እስከ ትግራይ ሲጓዝ፣ ዘማቹ ከየቤቱ ስንቅ ይዞ ወጥቶ ነበር። ፍሪጅ አልነበረም፤ በረዶም አልነበረም፤ ነገር ግን የደረቀው እህል ለሳምንታት ይቆይ ነበር። ዛሬም ቢሆን አዲስ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ እናቱ በሻንጣው ውስጥ በሶና ዳቦ ቆሎ ትከትለታለች። እኛ በዚህ እንሣሣቃለን፤ ሲርበን ግን ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል እየዞርን የምንፈልገው ያንኑ ነው።

የዶሮ ሰላጣ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። እርጥብ ነው፤ ሥጋ ነው፤ በደቃቁ ስለሚከተፍ ለተሐዋስያኑ ብዙ ገጽ ይሰጣል፤ እጅም ደጋግሞ ይነካዋል። ስለዚህ እንደ በሶ በራሱ የሚቆይ ስንቅ አይደለም። በድርቀት ልንጠብቀው ካልቻልን የቀረን መጠበቂያ ቅዝቃዜና ጊዜ ብቻ ነው።

ሐ. ሦስቱ ጥፋቶቼ

ጤና የሚያጠና አንድ ያገሬ ልጅ ታሪኬን ከሰማ በኋላ ጣቶቹን እያጠፈ ሦስት ጥፋት ቈጠረልኝ።

አንደኛው የድስቱ ነው። ባክቴሪያ የሚባሉት ተሐዋስያን በብዛት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ትልቅ ድስት ተከድኖ ሲያድር የሚቀዘቅዘው እጅግ ቀስ ብሎ ስለ ሆነ፣ ሌሊቱን ሁሉ በዚህ መካከል ይሰነብታል። «አፍልቼው የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ እንደ ዘር ያለ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ፈልቶ እንኳ እንደማይሞትና፣ መረቁ ለብ ሲል ነቅቶ መራባት እንደሚጀምር አስረዳኝ።

ሁለተኛው የጣቴ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በሰው ቆዳ፣ በአፍንጫና በተለይም በቍስል ላይ ይገኛል። ወደ ምግብ ገብቶ ሙቀት ካገኘ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ምግቡ እንደ ገና ቢሞቅ እንኳ በቀላሉ አይጠፋም፤ ሽታውንም ጣዕሙንም አይለውጥም። ሕመሙም ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። የእኛ ሰዎች የታመሙት ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ መሆኑን ያስታውሷል። እንግዲህ «ቀምሼዋለሁ፤ ደኅና ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው።

ሦስተኛው የጣራው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። አዳማ ስንደርስ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ እንወርዳለን፤ አዋሽ ፓርክ ደግሞ 1,000 ሜትር ያህል ነው። በአገራችን መንገድ መሄድ ማለት ብዙውን ጊዜ ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ነው። እኛ ኮታችንን አውልቀን ወደ ጥላ እንሸሻለን፤ በጣራ ላይ የተጫነው ምሳ ግን የሚሸሽበት የለውም።

የሒሳቡን ነገር ለማየት እንደ እኔ ያለ የአርትስ ተማሪም ይበቃል። አንድ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል። በሰዓት ሦስት ጊዜ፣ በ7 ሰዓት 21 ጊዜ ይታጠፋል። አንዱ ብቻ በዚህ አኳኋን 2,097,152 ይደርሳል። የእኔ ዶሮ ደግሞ እሳቱ ከጠፋበት እስከ ተበላበት ድረስ የቆየው 14 ሰዓት ተኩል ነበር።

በጉዞው ላይ ብዙዎች ጥፋቱን በማዮኔዙ ላይ አሳበው ነበር። ይህ ስሕተት ነው። የታሸገው የፋብሪካ ማዮኔዝ ኮምጣጤ ስላለበት ኮምጣጣነቱ ለባክቴሪያ አይመችም። የሚያሠጋው በቤት ውስጥ ከጥሬ እንቁላል የሚመታው ነው፤ ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሐዋሲ ሊይዝ ስለሚችል እርሱን ለመንገድ ምግብ አለማድረግ ይሻላል።

መ. አሠራሩ

ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ለ6 ሰዎች የሚበቃ ነው። ሰው ሲበዛ ልኩን ማብዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ዶሮዎቹን በአንድ ትልቅ ድስት ከማጨቅ በሁለት ድስት ከፍሎ መቀቀል ይመረጣል።

የሚያስፈልገው፦ ተበልቶ የተዘጋጀ አንድ ዶሮ፣ 1 ኪሎ ተኩል ያህል፤ ማዮኔዝ 7 የሾርባ ማንኪያ፤ የ2 ሎሚ ጭማቂ፤ ሰናፍጭ 1 የሻይ ማንኪያ፤ ካሮት 2፤ ቀይ ሽንኩርት 1፤ ፍሬው የወጣለት ቃሪያ 2፤ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፤ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ዳቦ 12።

1. በዋዜማው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሥራ ጀምሩ እንጂ እንደ እኔ እስኪመሽ አትቆዩ። ዶሮውን እንደ ልማዳችን በሎሚና በጨው የምታጥቡ ከሆነ በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ በእርጋታ ይሁን። በቧንቧ ሥር ማጠብ የጥሬውን ሥጋ ውኃ በአትክልቱና በሳሕኑ ላይ ይረጫል። ዶሮው የተነካበትን መክተፊያና ቢላዋ፣ እጃችሁንም ጭምር በሳሙና ታጠቡ።

2. ዶሮውን በውኃ ሸፍናችሁ፣ ጥቂት ጨውና አንድ ራስ ሽንኩርት ጨምራችሁ ቀቅሉ። የፈረንጅ ዶሮ በ45 ደቂቃ አካባቢ ይበስላል፤ የሀበሻ ዶሮ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ሊፈልግ ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ ከቆላው ይልቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው የጭኑ ወፍራም ክፍል ከውስጥ 74 ዲግሪ መድረሱን ይመልከት፤ የሌለው በቢላዋ ወግቶ የሚወጣው ፈሳሽ ደም የሌለበት ንጹሕ መሆኑን ይይ።

3. ዶሮውን ከመረቁ ወዲያው አውጡ፤ በየብልቱ ለያዩና በሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት። ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እሳቱ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ውስጥ መግባት አለበት። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መረቁንም አትድፉት፤ ሩዝ ወይም ፓስታ ተጨምሮበት ለዚያው ማታ ራት መልካም ሾርባ ይሆናል።

4. ሥጋውን ከዐጥንቱ የሚለየው ሰው እጁ ያልቆሰለ ይሁን። የቆሰለ ሰው ሽንኩርት በመላጥ ሳይሆን ዳቦ በመግዛት ይርዳ። ቆዳውንና ዐጥንቱን አስወግዱ፤ ሥጋውን የጣት ጫፍ በሚያህል መጠን ክተፉት። እጅግ ከደቀቀ ሲለወስ እንደ ገንፎ ይሆናል።

5. ካሮቱን ፈቅፍቁ፤ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን አድቅቁ። ሽንኩርቱን በሎሚው ጭማቂ ውስጥ 10 ደቂቃ ብታቆዩት ኃይለኛነቱ ይበርድለታል። ይህን ሁሉ በማታው አዘጋጅታችሁ ለየብቻ በፍሪጅ አሳድሩት።

6. ጧት ከመነሣታችሁ በፊት ቀዝቃዛውን ዶሮ፣ ቀዝቃዛውን ማዮኔዝ፣ ሰናፍጩንና አትክልቱን በንጹሕ ማንኪያ ለውሱ። በእጅ አይለወስም። ቲማቲም ውኃ ስለሚያበዛ አይግባበት፤ የሚወድ ሰው ሳይቆረጥ ይዞ ሄዶ በቦታው ይቁረጠው።

7. ሰላጣውን በዳቦ መሐል አስገብታችሁ አትጫኑ። ዳቦው ይርሳል፤ ቅዝቃዜውም ይጠፋል። ዳቦው ለብቻው፣ ሰላጣው ለብቻው ይሂድና በቦታው ይገናኙ።

ሠ. አያያዙ

በዋዜማው ማታ 4 የሃይላንድ ጠርሙሶች ውኃ ሙሉና በፍሪጁ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እንዲሆኑ አሳድሩ። እስከ አፋቸው አትሙሉአቸው፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ሰላጣውን ጥልቀት በሌላቸው ክዳናም ዕቃዎች ክፈሉ፤ ከሥርም፣ ከጎንም፣ ከላይም በረዶውን አድርጉ። ይህን ሁሉ በካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ ጋዜጣ አልብሱት፤ በላዩ ላይ ጋቢ ጠቅልሉበት።

«ጋቢ ያሞቃል እንጂ ያቀዘቅዛል ወይ?» የሚል ይኖራል። ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር በውስጥና በውጭ መካከል ሙቀት እንዳይመላለስ መከልከል ነው። ሰውን ሲሸፍን የሰውየውን ሙቀት ያስቀራል፤ በረዶን ሲሸፍን ደግሞ የውጭውን ሙቀት አያስገባም።

ካርቶኑ በጣራም፣ ሞተር በሚያሞቀው ቦታም፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብም አይቀመጥ። በመቀመጫ ሥር በጥላው በኩል ይሁን። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም አይከፈት። «እስቲ ልቅመስ» የሚል ወንድም በየአውቶቡሱ አለ፤ ለእርሱ ቆሎ ያዙለት።

ምሳ ሲደርስ መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ተመልከቱ፤ በረዶው ሰዓታችሁ ነው። በውስጣቸው በረዶ ካለ ሰላጣው ቀዝቃዛ ነው። በረዶው አልቆ ውኃው ለብ ካለና መቼ እንደ ሞቀ ካላወቃችሁ፣ የደከማችሁበትም ቢሆን ይጣል። ምግቡ ከቅዝቃዜው ከወጣ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚበልጥበት በቆላ አገር ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። የተረፈውን ለራት ብሎ ይዞ መመለስ የለም። ለዱር እንስሳትም አይሰጥም፤ ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ።

ረ. ማዕዱ የሁላችን እንዲሆን

ዶሮ ከመግዛታችሁ በፊት ቀኑን ተመልከቱ፤ ተጓዦቹንም ጠይቁ። ጉዞው ረቡዕ ወይም ዓርብ ወይም በሌላ ጾም ከዋለ የሚጾሙት የሚበሉት ሊኖር ይገባል። አዚፋ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ምስሩ ተቀቅሎ ቀዝቅዞ፣ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይለወሳል። እርሱም እርጥብ ስለ ሆነ ከበረዶው አይለይ።

በመካከላችን ክርስቲያንም እስላምም አለን፤ የሥጋው ባራኪ ማን እንደ ሆነ ለብዙዎቻችን ትልቅ ጉዳይ ነው። አስቀድሞ መነጋገር ማንንም አያሳፍርም። ሁለት ዶሮ ከተገዛ ድስቱ፣ መክተፊያው፣ ዕቃውና ማንኪያው ይለያዩ፤ በክዳኑም ላይ በግልጥ ይጻፍበት። እንቁላል የማይስማማው ሰው ካለም ማዮኔዝ ከእንቁላል የሚሠራ መሆኑ ይነገረው። በሐሳቡ ተጨንቆ ዳር ተቀምጦ ቆሎ የሚቆረጥም አንድ ጓደኛ ካለ፣ የሌሎቹ ምሳ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ጎደሎ ነው።

ሰ. ፍሪጅና በረዶ ከሌለስ?

ፍሪጅና በረዶ ከሌለ የዶሮ ሰላጣ አይሠራ። ይህን በአጭሩ መናገር ይሻላል። ይልቁንስ ዳቦ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ያዙ። ሰላጣ ካማራችሁም ያልተከፈተ የቱና ጣሳ፣ ያልተቆረጠ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ሎሚና ጨው ይዛችሁ ሂዱ፤ ጣሳውን በቦታው ከፍታችሁ፣ በእጅ ሳይሆን በማንኪያ ለውሳችሁ ወዲያው ብሉት። የእናቴን ጥያቄ ያስታውሷል፤ እርጥቡን ነገር የምናዘጋጀው ልንበላው ስንቀመጥ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

በዚህ ዓመት ወደ ላንጋኖ ስንሄድ «አቶ ሰላጣ ምሳውን እንዲሠራ አይፈቀድም» የሚል ቀልድና እውነት የተቀላቀለበት ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔም ከላይ የጻፍሁትን ሥርዐት በወረቀት አውጥቼ አሳየሁና በ10 ለ6 ድምፅ አለፈልኝ። ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን ካርቶኑን በፈታሁ ጊዜ ያች ባለፈው ዓመት የታመመችው እኅታችን ከሁሉ ቀድማ መጣች። ሳሕን ግን አልያዘችም። «መጀመሪያ በረዶውን አሳየኝ» አለችኝ። አንዱን ጠርሙስ አውጥቼ ሰጠኋት። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ የበረዶው ቍራጭ ኳ ኳ ሲል እኔም ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ሳሕን አንሥታ መጣች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሰው ከእጃችን ተቀብሎ የሚበላው ምግቡን መርምሮ አይደለም፤ እኛን አምኖ ነው። ባክቴሪያውን አያየውም፤ የእኛን ሌሊትም አላየም። ስለዚህ ስንቅ መሥራት አደራ መቀበል ነው። ለሚቀጥለው ጉዞ «ምሳውን ማን ይሥራ?» ሲባል እጃችሁን ለማንሣት አትፍሩ፤ ነገር ግን እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ፍሪጅ፣ በረዶና ሰዓት እንዳላችሁ አረጋግጡ።

መልካም ጉዞ፤ መልካም ምሳ!